ስልኩ ሲጠፋ ሐቁም አብሮ ይጠፋል፦ የሐጅና የዐረብ ሀገር ተጓዦች ፎቶዎች የት ይቀመጡ?

ወደ ጂዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዶሃ የሚሳፈር ወገናችን ዛሬ ሰነዱንም ትዝታውንም የሚይዘው በአንድ ስልክ ነው። የፓስፖርቱ ፎቶ፣ የቪዛው ቅጂ፣ የሥራ ውሉ፣ ገንዘብ የላከበት ደረሰኝ፣ የአሠሪው አድራሻ፣ የልጆቹ ምስል፣ ከዕባ ፊት ቆሞ የተነሳው ፎቶ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ስልኩ በሰው ግፊት መካከል ሲወድቅ፣ በአሠሪ ሲነጠቅ ወይም በድንገተኛ አፈሳ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሲቀር፣ ያ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል።

ይህ የቴክኖሎጂ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን ለአንዲት በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እህት የጠፋው ፎቶ የስምንት ወር ደመወዟ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ለአንድ አዛውንት ሐጃጅ ደግሞ ከቡድናቸው ተነጥለው ሲገኙ ማንነታቸውን የሚናገር ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ፎቶና ሰነድ በጉዞ ላይ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ብዙዎች የሚተማመኑበት «ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ሐሳብ የት ላይ እንደሚከሽፍ፣ እንዲሁም ተጓዡም ተቋማቱም ምን ማድረግ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ፎቶ ከትዝታ በላይ የሆነበት ዘመን

ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሳዑዲ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ባላቸው የውጭ ዜጎች ላይ ዘመቻ ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገር ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የተያዙት በሥራ ቦታ ወይም በመንገድ ላይ ስለነበር ንብረታቸውን የሚሰበስቡበት፣ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ የሚጠይቁበት ጊዜ አላገኙም። በ2017 የምሕረት አዋጅ ታውጆ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመልሰዋል። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ተስማምተው በረራዎቹ ተጀመሩ። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ቦሌ ላይ የወረዱት ወገኖች ብዙ ያልተከፈለ ሐቅ ነበራቸው፤ ሐቃቸውን የሚያሳይ ወረቀት ወይም ምስል የያዙት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

በሌላ በኩል ፎቶ የሰውን ዕጣ ሲለውጥም አይተናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በሳዑዲ ማቆያ ጣቢያዎች ተጨናንቀው የተያዙ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች በደበቋቸው ስልኮች ያነሷቸው ምስሎች በብሪታንያ ጋዜጣ ላይ ወጡ። ከዚያ በፊት ስለ ማቆያዎቹ ሁኔታ ቃል ሲነገር ቆይቷል። ዓለም የተነጋገረው ግን ምስሉ ሲወጣ ነው። እነዚያ ፎቶዎች በተያዘው ሰው ስልክ ላይ ብቻ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ከስልኩ ጋር አብረው ይጠፉ ነበር። ጥቅም የሰጡት ከዚያ ክፍል ወጥተው ሌላ ቦታ ስለደረሱ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሐጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ሐጅ በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ነበር። የሳዑዲ ባለሥልጣናት የሟቾችን ቁጥር 1,301 ብለው ሲያሳውቁ፣ ከእነዚህ ውስጥ 83 በመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ እንደነበሩና ብዙዎቹ የማንነት ሰነድ ስላልያዙ ማንነታቸውን ለመለየት ጊዜ እንደወሰደ ገልጸዋል። በየሀገሩ ያሉ ቤተሰቦች የጠፉባቸውን ሰዎች ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ እየለጠፉ ሲፈልጉ ሰንብተዋል። የተጓዡን የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ ቤቱ ያስቀረ ቤተሰብ ፍለጋውን ወዲያው መጀመር ይችላል። ያላስቀረው ግን ከባዶ ይጀምራል።

ሰሞኑን ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት እየጨመረ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ «ሙሳነድ» በተባለው መድረክ በኩል በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ያወጣችው መመሪያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዳዲስ ውሎች ላይ ተግባራዊ ሆኗል፤ በደረጃ በደረጃም ከጥር 2026 ጀምሮ ሁሉንም አሠሪዎች እንዲያካትት ተደርጓል። ይህ በራሱ መልካም ነው። ውጤቱ ግን የሠራተኛዋ የደመወዝ ማስረጃ ከእጅ በእጅ ክፍያ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሐጅ ጉዞውም ቢሆን «ኑሱክ» በተባለው መተግበሪያና ካርድ ታስሯል። ስልክ የጠፋበት ሰው ዛሬ የሚያጣው ከአሥር ዓመት በፊት ከሚያጣው እጅግ ይበልጣል።

እንዴት ነው የሚጠፋው?

ስለ ፎቶ መጥፋት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ሌባን ነው። ሌባ አለ። በጠዋፍ፣ በጀመራት መንገድና በአውቶቡስ ግፊያ ስልክ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ በወዱ ቦታ ተረስቶ ይቀራል። ሙቀትም አለ፤ ስልክ አምራቾች ምርታቸው በአብዛኛው እስከ 35 ዲግሪ ድረስ በደንብ እንዲሠራ አድርገው ያዘጋጁታል፣ የሚና ፀሐይ ግን ከዚያ በላይ ነው። የጋለ ስልክ ራሱን ያጠፋል፣ ባትሪው ያብጣል።

በሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችን ግን ዋናው መንገድ ሌላ ነው። ስልኩ ገና በመጀመሪያው ቀን በአሠሪው ቤት «ይቀመጥልሽ» ተብሎ ይወሰዳል፤ ወይም ሲም ካርዱ ተነቅሎ ይጣላል። ፓስፖርትን መያዝ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ድርጊቱ እንዳልቆመ ከተመላሾች ምስክርነት እናውቃለን። ስልክ ሲወሰድ ደግሞ በውስጡ ያለው የፓስፖርት ፎቶም አብሮ ይወሰዳል። ይኸውም ዋናውም ቅጂውም በአንድ እጅ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን ብዙም የማይወራ፣ በጸጥታ የሚሠራ ሌላ ምክንያት አለ። እሱም ፎቶው በእርግጥ ኢንተርኔት ላይ እያለ ባለቤቱ ግን መግባት አለመቻሉ ነው።

ሞባይል ቤቱ የከፈተው ጂሜይል

በሀገራችን ብዙ ሰው አዲስ ስልክ ሲገዛ የጂሜይል አካውንቱን የሚከፍትለት የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ስሙን በፍጥነት ይጽፋል፣ ፓስወርድ ይፈጥራል፣ ስልኩን ያስረክባል። ገዢው አካውንት እንዳለው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስልኩ ግን ፎቶዎቹን በዚያ አካውንት ሥር «ጎግል ፎቶስ» ላይ እያስቀመጠ ሊሆን ይችላል። ስልኩ በእጅ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ስልኩ ሲጠፋ ግን «ኢሜይልህ ማን ነው? ፓስወርድህስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው የለም። ፎቶው አለ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የቀረጸው ልጅም ከረሳው ቆይቷል።

ሁለተኛው ቁልፍ የስልክ ቁጥር ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትሳፕ የሚከፈቱት በቁጥር ነው። ጎግልም ቢሆን በአዲስ ስልክ ለመግባት ሲሞከር ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ላይ ኮድ ይልካል። አሁን አንዲት እህት በኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሯ የከፈተችውን አካውንት ይዛ ሪያድ ገባች እንበል። ሲሟ ሮሚንግ የለውም ወይም ተጥሏል። ስልኳ ጠፍቶ በሌላ ስልክ ለመግባት ብትሞክር ኮዱ የሚላከው አዲስ አበባ ላለ፣ ማንም ለማያነሳው ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል።

ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ሳዑዲ ሄዶ በሳዑዲ ቁጥር ዋትሳፕና ቴሌግራም የከፈተ ሰው በድንገት ወደ ሀገር ሲመለስ ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። ከአሠሪው ጋር የተጻጻፈው፣ የደመወዝ ቃል የተገባበት የድምፅ መልእክት፣ የተላከለት የውል ፎቶ ሁሉ ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ዋትሳፕ ለ120 ቀናት ያልተጠቀሙበትን አካውንት ይሰርዛል። ቴሌግራምም በሴቲንጉ ላይ የተመረጠው ጊዜ ካለፈ አካውንቱን ከነሙሉ ይዘቱ ያጠፋል።

የጎግል ደንብ ደግሞ ለእኛ ሁኔታ በተለየ መልኩ የሚያሳስብ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ኩባንያው ለ2 ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ከነፎቶው ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። የቤት ሠራተኛ ውል ደግሞ በአብዛኛው 2 ዓመት ነው። ስልኳ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተወሰደባት እህት ውሏን ጨርሳ ስትወጣ፣ የአካውንቷ ዕድሜም በዚያው ወር አካባቢ ሊያበቃ ይችላል።

ነፃው ቦታ ምን ያህል ይይዛል?

ብዙዎቻችን ጎግል ፎቶስ ሁሉንም በነፃ ይይዛል ብለን እናስባለን። ያ እስከ ግንቦት 2021 መጨረሻ ነበር። ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚጫን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ከ15 ጊጋባይቱ ነፃ ቦታ ላይ ይቆጠራል። ይህ 15 ጊጋባይት ኢሜይሉንም፣ ድራይቩንም፣ ፎቶውንም አንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ የዋትሳፕ ባክአፕም አሁን ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። አይፎን ላይ ያለው የአይክላውድ ነፃ ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው።

በግምት እናስላው። አንድ የተለመደ የስልክ ፎቶ ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ይመዝናል። ስለዚህ 15 ጊጋባይት ሌላ ነገር ባይኖርበት ወደ 4 ወይም 5 ሺህ ፎቶ ይይዛል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ሙሉውን ቦታ ይበላዋል። ጠዋፉንና ሰዕዩን እየቀረጸ የሚውል ሰው ነፃ ቦታው በመካ ሳለ ሊያልቅበት ይችላል። ቦታው ሲሞላ ስልኩ ፎቶ ማንሳቱን አያቆምም፤ የሚቆመው መጠባበቂያው ነው። ተጓዡ ግን ሁሉም እየተቀመጠ ይመስለዋል።

ቴሌግራም በእኛ ሀገር ሰው ዘንድ እንደ ዕቃ ቤት ያገለግላል። «ሴቭድ ሜሴጅ» በሚባለው ቦታ የተቀመጠ ነገር በሌላ ስልክ ሲገባም ይገኛል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቃል፣ ጥራቱም የተነሳበት ቀንና ሰዓት መረጃም ይቀንሳል። ዋትሳፕም እንዲሁ ነው። ውልን፣ ደረሰኝን ወይም ጉዳትን የሚያሳይ ፎቶ ከሆነ «እንደ ፋይል» ወይም «ዶክመንት» ብሎ መላክ ያስፈልጋል። ከዓመት በኋላ ለክርክር ሲቀርብ «መቼ ተነሳ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው ያልተነካካው ፋይል ነው።

ከመሄድ በፊት የሚያልቅ ሥራ

እስካሁን ካየነው የሚወጣው ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ መጠባበቂያ የማስቀመጥ ሥራ በአብዛኛው መጠናቀቅ ያለበት ከቦሌ በፊት ነው። ስልኩ ከተወሰደ በኋላ፣ ሲሙ ከተጣለ በኋላ ወይም ሚና ላይ ኔትወርክ ከተጨናነቀ በኋላ የሚሠራው ጥቂት ነው።

በሙያው ያሉ ሰዎች በአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ በኩል የታወቀች አንዲት ቀላል ደንብ አለቻቸው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከአንተ ርቆ። ለእኛ ተጓዥ ይህን ስንተረጉመው፣ አንዱ ቅጂ ስልኩ ላይ፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቤተሰብ ዘንድ በወረቀትና በፍላሽ ይሁን ማለት ነው።

ሦስተኛው ቅጂ በወረቀትም ይሁን የምንለው በምክንያት ነው። ብዙ ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄዱ ወጣቶች ከሚወጡባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው ወሎ፣ እንደ መላው አማራ ክልል ሁሉ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ልጁ ከሪያድ የላከው ፎቶ አባቱ ዘንድ አይደርስም፤ አባቱም ለኤምባሲ የሚላክ ሰነድ ከክላውድ ማውረድ አይችሉም። በሳጥን ውስጥ ያለ የታተመ ቅጂ ግን ኔትወርክ አይፈልግም።

ከጉዞ በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ አካውንቱን የራስ ማድረግ። በስልኩ ላይ ያለው ጂሜይል ማን እንደሆነ ማየት፣ ፓስወርዱን ራስ መቀየር፣ በወረቀት ጽፎ ለሚታመን የቤተሰብ አባል መስጠት። ሞባይል ቤቱ የከፈተው ከሆነና ፓስወርዱ የማይታወቅ ከሆነ ስልኩ በእጅ እያለ መቀየር ይቻላል፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ግን ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ከቁጥር ነፃ የሆነ ቁልፍ መያዝ። ጎግል ባለ ሁለት ደረጃ ጥበቃ ለከፈተ ሰው ባለ 8 አኃዝ የሆኑ 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን ይሰጣል። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሲም አያስፈልገውም። ኮዶቹን አትሞ ወይም በእጅ ገልብጦ ግማሹን ቤት ማስቀረት፣ ግማሹን ልብስ መካከል መያዝ ነው። በቴሌግራም ላይም የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድና የመመለሻ ኢሜይል ማስገባት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሰነዶቹን ማንሳትና ማካፈል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የሥራ ውል ሁሉም ገጽ፣ የኤጀንሲው ስምና ስልክ፣ የአሠሪው ስምና ከተማ፣ የሕክምና ምርመራ ውጤት፣ የክፍያ ደረሰኞች። እነዚህን በአንድ አልበም አድርጎ ከእህት፣ ከወንድም ወይም ከትዳር አጋር ጋር ማጋራት።

አራተኛ፣ ቁጥር ሲቀየር አካውንቱን ማዛወር። በቴሌግራምም በዋትሳፕም ላይ «ቁጥር ቀይር» የሚል ምርጫ አለ። አሮጌው ሲም ገና እየሠራ እያለ ይህን ማድረግ ያለፈውን ሁሉ ወደ አዲሱ ቁጥር ያሸጋግራል። ይህ ለሄደም ለሚመለስም ይሠራል።

ለሐጃጆች

ሐጅ ላይ ሰው የሚሄደው ለዒባዳ ነው። ስለ ፎቶ ማንሳት በዑለማዎች መካከል ያለውን ልዩነት እዚህ አናነሳም፤ ከዕባ ፊት ቆሞ ስልክ ላይ መጠመድ ልብን እንደሚሰርቅም ሁሉም ይስማማል። የምንነጋገረው ግን ቢያንስ ሊኖሩ ስለሚገቡ ምስሎች ነው፦ የፓስፖርቱ፣ የቪዛው፣ የኑሱክ ካርዱ፣ የሆቴሉ ስምና አድራሻ፣ የቡድን መሪው ስልክ፣ የሚና ድንኳን ቁጥር፣ የሚወሰድ መድኃኒት ማሸጊያ። ፓስፖርት በአዘጋጆች እጅ በሚቆይባቸው ቀናት እነዚህ ምስሎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ለአዛውንቶች ደግሞ በወረቀት ታትመው አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ቢቀመጡ ይመረጣል።

በየዕለቱ የሚነሱትን ፎቶዎች በተመለከተ ቀላሉ ልማድ ሆቴል ሲገባ፣ ዋይፋይ ሲገኝ፣ ሌሊት ላይ ማስቀመጥ ነው። ወደ ሚና ከመውጣት በፊት በነበረው ሌሊት ሁሉንም አስቀምጦ መጨረስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መብራትም ኔትወርክም እንደልብ አይገኝም። የሳዑዲ ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ በመሆኑ የእኛ ሀገር ቻርጀር ያለ አዳፕተር አይገባም። ፓወር ባንክ ደግሞ በአውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይላክም። ትንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ ቻርጅ የሌለው ስልክ ግን ፎቶውን የትም አይልክም።

ለሠራተኞች፦ ምን ይነሳ፣ ምን አይነሳ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስረጃ መሰብሰብ ራሱ ወንጀል የሚሆንበት ሁኔታ አለ። የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሲሆን፣ ካሜራ ያለውን ስልክ ተጠቅሞ የሌላን ሰው ግላዊ ሕይወት መድፈር እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስከትላል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል። የአሠሪን ቤተሰብ፣ ሴቶቹን፣ ልጆቹን ወይም የቤቱን ውስጥ ማንሳት፣ ይልቁንም ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ሐቅ ያላትን ሠራተኛ ተከሳሽ ሊያደርጋት ይችላል። ከሕጉም በፊት የሰው ቤት ሚስጥር አማና ነው።

ስለዚህ የሚነሳው የራስ የሆነ ነው፦ የራስ ውል፣ የራስ ኢቃማ፣ የደመወዝ መልእክት ስክሪንሹት፣ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ፣ ከአሠሪው ጋር የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥ፣ በራስ አካል ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የሐኪም ወረቀት። ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ቀኑንና መጠኑን ጽፎ ለቤተሰብ መላክ ደግሞ ፎቶ እንኳ አይፈልግም። ዕዳን ስለ መጻፍ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የተነገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ለዚህ ጉዳይ መዋሉ በራሱ መልእክት አለው። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር እንጂ እሱን ከመተው ጋር አይሄድም።

ይህ ማስረጃ የት ይጠቅማል? በውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛዋን የላከው ኤጀንሲ የውሉ ግዴታዎች ባይፈጸሙ ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ይህም ማለት አንዲት ተመላሽ አሠሪዋን ፍለጋ ሪያድ ሳትሄድ በሀገሯ መብቷን የምትጠይቅበት በር አለ ማለት ነው። በሩ ላይ የሚጠየቀው ግን ውሉ የት አለ፣ ስንት ወር ተከፈለሽ፣ ስንት ቀረ የሚል ነው። መልሱን ይዛ የምትቀርብና በቃል ብቻ የምትናገር እህት እኩል አይደመጡም።

ሰትርም ጥበቃ ይፈልጋል

ሌላው የሚያሳስበው የፎቶ መጥፋት ሳይሆን በሌላ እጅ መግባቱ ነው። እህቶቻችን ያለ ሒጃብ፣ በቤት ውስጥ፣ በሠርግ የተነሷቸው ምስሎች ስልካቸው ላይ አሉ። ስልክ ሲሰረቅ፣ ለጥገና ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ እነዚህ ምስሎች ማስፈራሪያ ሆነው የሚመለሱበት አጋጣሚ አለ። የግል ምስሎችን ወደ ጉዞ ይዞ አለመሄድ፣ ከመሄድ በፊት በፍላሽ አድርጎ ቤት ማስቀመጥ፣ ስልኩን በኮድ መቆለፍ፣ ከመሸጥ በፊት ከአካውንት ወጥቶ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ይገባል። ስልኩ ከጠፋም በሌላ ስልክ ወደ ጎግል አካውንት ገብቶ ከርቀት መቆለፍ ወይም ማጥፋት ይቻላል፤ ይህም እንደገና ፓስወርዱን ማወቅን ይጠይቃል። ለቤተሰብ የሚጋራው አልበምም የሰነድ ብቻ ይሁን እንጂ አጠቃላይ ፎቶው አይሁን።

የተቋማት ድርሻ

ሁሉንም ሸክም ተጓዧ ላይ መጫን ግፍ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡ፣ ስልክ የያዙት በቅርቡ የሆነ፣ የሴቲንጉን ቋንቋ የማያነቡ ናቸው። ስልክን የሚነጥቅ አሠሪም በመጀመሪያ በሕግ መጠየቅ ያለበት ነው፤ የእኛ ጥንቃቄ የእርሱን ጥፋት ሕጋዊ አያደርገውም።

ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ። በዚያ ሥልጠና ላይ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት ዕቃ አጠቃቀም የሚሰጠው ሰዓት አለ። ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ወስዶ አካውንትን የራስ ማድረግና ሰነድን ለቤተሰብ ማጋራት ቢሠራ፣ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ኤጀንሲዎችም የውሉን አንድ ቅጂ ለሠራተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቧም ቢሰጡ የብዙ ክርክር በር ይዘጋል። መጅሊሱ ለሐጃጆች በሚሰጠው ገለጻ ላይ ከመናሲኩ ቀጥሎ አንድ ገጽ የሰነድ ቅጂ ዝርዝር ቢጨመር፣ የጠፋ ሐጃጅን ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ያጥራል።

በየመስጂዱ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ከጁሙዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ልጆች፣ የሚጓዝ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። ጂሜይሉ የማን እንደሆነ ይታያል፣ ፓስወርዱ ባለቤቱ ራሱ ሲጽፍ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ የመጠባበቂያ ኮዱ በወረቀት ይገለበጣል። ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የዚያ ወረቀት ጥቅም የሚታወቀው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያቺ እህት ያልተከፈላትን ስምንት ወር ይዛ ስትመለስና «ማስረጃሽ የት አለ?» ስትባል፣ «እናቴ ጋር አለ» ብላ ስትመልስ።